ቁርጡን ንገሩን እየተባለ በልጉ አለፈ

ግልጽ ደብዳቤ
ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር፣ ለግብርና ሚኒስቴር፣ እንዲሁም በክልል፣ በዞንና በወረዳ በጀት ላይ ለምትፈርሙ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ፣

ስሜን ባታውቁትም ሥራዬን ታውቁታላችሁ። ለ11 ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ወሎ ደጋ ላይ፣ የበልግ ገብስ በሚዘራበት አገር። አሁን ከተማ ገብቼ ሌላ እንጀራ ላይ ነኝ። ግን ጥር መጥቶ የበልግ ትንበያ ሊወጣ ሲል ዛሬም ሆዴ ይላወሳል።

አንድ ስብሰባ ልንገራችሁ። ወረዳውንም ዓመቱንም አልጠቅስም፤ ሰዎቹ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። በወረዳው አዳራሽ ተሰብስበናል። ባለሙያው የበልጉን ትንበያ ያነባል። ዝናቡ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆን ዕድሉ 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 20። አንብቦ ሲጨርስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁርጡን ንገረን። ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

«ጌታዬ፣ ቁርጥ የለውም። ዕድል ነው የሚነገረው።»

«እንግዲያው ቁርጡ ሲታወቅ ተመለስ።»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽም። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ቶሎ የሚደርስ የገብስ ዘር፣ ሁለተኛው ጭድና ድርቆሽ ገና ርካሽ ሳለ ተገዝቶ እንዲከማች። ቃለ ጉባኤው ላይ «መረጃው ተጣርቶ በቀጣይ ስብሰባ ይቅረብ» ተብሎ ተጻፈ።

መረጃው የተጣራው ሚያዝያ ላይ ነው። ሰማዩ ራሱ አጣራው። የተዘራው ገብስ ጣት ሳያህል ቢጫ ሆነ። የጭድ ዋጋ እጥፍ ሲሆን አየሁ። ቅዳሜ ገበያ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር በሬ በበግ ዋጋ ሲሸጥም አየሁ። ያን ጊዜ በጀት ተለቀቀ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ መኪና ተንቀሳቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። ያልተረጋገጠ ነገር ላይ የሕዝብ ገንዘብ አላወጣም ነው ያሉት። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ያ ጥንቃቄ ጥንቃቄ ይመስላል እንጂ አይደለም። ዝም ማለትም ውሳኔ ነው። በዚያ ስብሰባ ወረዳው ውርርድ ገብቷል፤ «ይዘንባል» ብሎ ተወራረደ፣ ያውም 20ና 35 ላይ። የተወራረደው ግን በራሱ በሬ አልነበረም።

ቁጥሩን ትንሽ ላፍታታው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ምንም መረጃ ባይኖር ለሦስቱ ምድቦች እኩል 33 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ 45 ሲባል ሚዛኑ አጋድሏል ማለት ነው። ከመደበኛ በታች ማለት ድርቅ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የኛ ጥያቄ «ድርቅ ይመጣል ወይ?» መሆን አልነበረበትም። ጥያቄው «ብዘጋጅና ድርቁ ቢቀር ምን እከስራለሁ? ሳልዘጋጅ ቢመጣስ?» ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ በሬ እንውሰድ። በጥር መኖ ገዝቶ ማስቀመጥ 1 ብር ይፈጃል እንበል። ድርቅ መጥቶ በሬው ቢሞት ወይም ለቆዳው ብቻ ቢሸጥ ኪሳራው 5 ብር ነው እንበል። በዚህ ሒሳብ ከአምስት ዓመት በአንዱ ብቻ ድርቅ ቢመጣ እንኳ ወጪና ኪሳራው እኩል ነው። ዕድሉ ከዚያ ከበለጠ መኖውን መግዛቱ ያዋጣል። 100 በመቶ መጠበቅ አያስፈልግም፤ 50 እንኳ አያስፈልግም። ይህን ሒሳብ ማንኛውም ነጋዴ በጣቱ ይሠራዋል። ቢሮ ስንገባ ነው የሚጠፋብን።

«ሳይንሱ ራሱ አልተስማማም እኮ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ የተስማማበትንና ያልተስማማበትን እንለይ።

ምድር እየሞቀች ነው፣ ያሞቃትም የሰው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ቡድን (አይፒሲሲ) በ2013 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ባወጣው ሪፖርት ይህን የማያወላዳ ብሎታል። ሙቀቱ ያኔ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ገደማ ጨምሮ ነበር። ሙቀት ሲጨምር ከአፈርና ከኩሬ የሚተነው ውኃ ይጨምራል። አየሩም ብዙ እርጥበት ስለሚሸከም ዝናብ ሲመጣ በዶፍ ይመጣል። ይህን ያህሉ ለብዙ ውሳኔ ይበቃል።

ያልተቆረጠው የኛ በልግ ነው። በዓለም ያሉ የአየር ንብረት ሞዴሎች (የወደፊቱን የሚያሰሉ የኮምፒውተር ስሌቶች) በብዛት ምሥራቅ አፍሪካ ወደፊት የበለጠ ዝናብ ታገኛለች ይላሉ። መሬት ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በነበሩት ሁለት ሦስት አስርታት ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ እየቀነሰ ሄደ። ተመራማሪዎቹ እንቆቅልሽ ብለው ስም አውጥተውለታል። ገሚሱ ሞዴሎቹ የሕንድ ውቅያኖስንና የፓስፊክን ሙቀት በትክክል አልያዙም ይላል። ገሚሱ ቅነሳው ጊዜያዊ መዋዠቅ ነው ይላል። ሰማዩም ቢሆን ፍንጭ አልሰጠም። በ2012 ዓ.ም የበልጉ ዝናብ በዛ። ከ2013 መጀመሪያ እስከ 2015 መጀመሪያ ደግሞ በቦረና፣ በሶማሌና በአካባቢው አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ።

ቀጥሎ ያለው ዓመት ደግሞ ይብሳል። ኤልኒኞ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት፣ መጣ። ኤልኒኞ ብዙ ጊዜ የሰሜኑንና የምሥራቁን ክረምት ያደርቃል፤ የደቡብ ምሥራቁን ከክረምት በኋላ የሚመጣ ዝናብ፣ ሶማሌዎች ደይር የሚሉትን፣ ያበዛል። እንደዚያው ሆነ። በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ትግራይና ዋግ ኽምራ በድርቅ ሲጨነቁ፣ ሶማሌ ክልል የዋቢ ሸበሌ ውኃ ቤት ያፈርስ ነበር። በሁለቱም የአንዱ ፓስፊክ እጅ አለበት። «ኢትዮጵያ ዘንድሮ ይደርቅባታል ወይስ ይዘንብባታል?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ትክክል እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታያል።

የበልጉ እንቆቅልሽ እስኪፈታ እንጠብቅ ካላችሁ 10 ዓመትም 20 ዓመትም ሊሆን ይችላል። አቀስታና ወረኢሉ ያለ ገበሬ ግን ዘንድሮም ይዘራል።

እሱ እንዴት እንደሚወስን ልንገራችሁ፤ እኔ የተማርኩት ከሱ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳ ላይ ቆሜያለሁ። ዘሩን ከአቁማዳው በእፍኛቸው አወጡ። ገብስና ስንዴ ተደባልቋል። የተሳሳተ መስሎኝ፣ «አባባ፣ ዘሩ ተቀላቅሎብዎታል፤ ይለዩት» አልኳቸው።

«ማን ተቀላቀለ አለህ? ቀላቅዬው ነው።»

«ለምን?»

«አንተ ልጅ፣ ዘንድሮ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ይደርስልኛል። ከበዛ ስንዴው ያምርልኛል። ሁለቱንም ቀላቅዬ ብጋግረው እንጀራም ዳቦም ይሆናል።»

ዱራኛ ይሉታል። ትግራይ ውስጥ ሓንፈጽ ይባላል። እኛ ተማርን የምንለው ለዓመታት «ዘር ለይታችሁ ዝሩ» ስንል ኖረናል። ዛሬ ተመራማሪዎች መጥተው ድብልቁ በመጥፎ ዓመት እንዴት ምርቱን እንደሚያረጋጋው ያጠናሉ። እኒያ ሰውዬ ቁርጡን አልጠየቁም። የትኛውም ቢመጣ ባዶ እጃቸውን የማይቀሩበትን መረጡ። በጥሩ ዓመት ንጹሕ ስንዴ ከዘራው ጎረቤታቸው ትንሽ ያንስባቸው ይሆናል፤ ያን ትንሽ እያወቁ ከፍለውታል።

የመንግሥት ዱራኛ ምን ይመስላል? አንዱን ሳናውቀው ጀምረነዋል። ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው። በዓባይ ላይ ዝናቡ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል በሚለው ሞዴሎቹ አሁንም አይግባቡም። የሕዳሴው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ የጥሩን ዓመት ውኃ ለመጥፎው ዓመት ያቆያል። አዳማና አሸጎዳ ላይ ያለው ንፋስ ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወራት ይበረታል። ውኃውና ንፋሱ አንድ ላይ ሲሆኑ ገብስና ስንዴ ናቸው። በርቱበት። ግን ሁሉንም ለአንድ ወንዝ አትስጡት።

ይህ እንግዲህ በትልቁ ነው። የኔ ጭንቀት ትንሿ ወረዳ ላይ ነው።

1998 ዓ.ምን አስታውሱ። በዚያ ዓመት መጋቢት ገደማ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ገበሬዎች የድርቅ ኢንሹራንስ ገዛ፤ ከፈረንሳዩ የመድን ኩባንያ አክሳ ሪ። አረቦኑ 930 ሺህ ዶላር ነበር። ከ26 የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች የሚመጣው ቁጥር ድርቅ ነው ካለ እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ይከፈል ነበር። ዝናቡ ጥሩ ሆነ፣ ካሳ አልተከፈለም። ያኔ «ገንዘቡ ውኃ በላው» ያሉ ነበሩ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ከደጋው የወረደ ጎርፍ ሌሊት በደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ገባ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። በዚያው ክረምት ኦሞም ሞልቶ ዳሰነች ላይ መቶዎች ሞቱ። ለድርቅ በተዘጋጀንበት ዓመት ውኃ ገደለን።

ከዚህ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይወሰዳል። አንዱ «ያው፣ ምንም አይታወቅም፤ ዝም ማለት ይሻላል» ነው። እኔ ሌላውን ነው የምወስደው። ኢንሹራንሱ አልባከነም። የመኪናችሁ ኢንሹራንስ ሳትጋጩ ዓመቱ ስላለቀ ተናዳችሁ ታውቃላችሁ? ስህተቱ ለአንዱ ብቻ መዘጋጀት ነው። የድሬዳዋን ጎርፍ ለማሳነስ ከላይ ተዳፋቱ ላይ የሚሠራው እርከን፣ ድርቅ ቢመጣ ያንኑ ውኃ አፈር ውስጥ ያስቀራል። እንዲህ ያለ ሥራ ትንበያ አይጠብቅም። ቀድሞ በጀት ሊያዝለት የሚገባው እሱ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ከንቲባ ቱቦው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደፍኖ መንገዱ ሲጥለቀለቅ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ጀምሯል። አይደለም። ቱቦው ነው። ለሳይንሱም ለከተማውም አይበጅም ይሄ።)

አሁን ወደ ሚያንገበግበኝ ልግባ። የሥራ ባልደረባዬ የነበረ አንድ የወረዳ ኃላፊ፣ በሌላ ዓመት፣ ትንበያውን ሰምቶ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። ቶሎ የሚደርስ ዘር አስገዛ፣ መኖ አስከማቸ። ዝናቡ ጥሩ ሆኖ መጣ። ገበሬው ተደሰተ። ኦዲተር መጣ። «ድርቅ ሳይኖር ለድርቅ ለምን አወጣህ?» ተባለ። ስድስት ወር ደብዳቤ ሲጽፍ ከረመ። በዚያው ዞን ምንም ያላደረጉት እነ እገሌ ግን ማንም አልጠየቃቸውም። አንዱ እንዲያውም አድጎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የትኛው ኃላፊ ነው ቀድሞ የሚፈርመው? «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ብሎ ቁጭ ይላል እንጂ። ልክ ነው፣ ልጆች አሉት።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንደኛው ነገር ይሄ ነው። ወቅቱ ሳይገባ፣ ማንም ሳይደነግጥ፣ መስመሩን አስምሩ። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከዚህ ካለፈ ይህን ያህል ብር ለመኖና ለዘር ወዲያው ይለቀቃል» ብላችሁ ቀድማችሁ ፈርሙ። ቁጥሩ 40 ይሁን 50 እናንተ ከባለሙያ ጋር ሒሳቡን ሥሩት፤ ለደጋና ለቆላ፣ ለአርሶ አደርና ለአርብቶ አደር አንድ ላይሆን ይችላል። ኃላፊው ያኔ በራሱ ድፍረት ሳይሆን በደንቡ ይንቀሳቀሳል። ኦዲተሩም የሚጠይቀው «ድርቁ መጣ ወይ?» ብሎ አይሆንም፤ «በዚያ ቀን እጅህ ላይ በነበረው መረጃ ደንቡን ተከተልህ ወይ?» ብሎ ነው። ያልተንቀሳቀሰውም ይጠየቅ። አንዳንዴ መኖው ተገዝቶ ድርቁ ይቀራል። ይቅር። መኖ አይበሰብስም ባይባልም፣ በአግባቡ ከተከመረ ለከርሞ ይደርሳል።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የፈረምንበት ነገር ነው። በ1984 ዓ.ም ለፊርማ የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 3፣ ከባድና የማይመለስ ጉዳት በሚያሰጋበት ቦታ ሳይንሱ ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም ብሎ እርምጃ ማዘግየት እንደማይገባ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1986 አጽድቃዋለች። በዓለም መድረክ ለሀብታም አገሮች ይህን አንቀጽ እናነብላቸዋለን፤ ደግ እናደርጋለን። በ2020 ዓ.ም 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲመጣም እናነበዋለን። ወረዳው አዳራሽ ውስጥም ይነበብ ነው የምለው።

ሁለተኛው ነገር ቋንቋው ነው። «ከመደበኛ በታች 45 በመቶ» ገበሬው ጆሮ ሲደርስ «ድርቅ ነው አሉ» ይሆናል። ዝናቡ ከመጣ «ዋሹን» ይላል። «እንዲህ ያለ ትንበያ ከወጣባቸው 20 ዓመታት 9ኙ ያህል ዝናባቸው ያንሳል፤ 11ዱ ግን አያንስም» ብላችሁ በሬዲዮ ንገሩት። ይገባዋል። ዕቁብ የሚጥልና ዱራኛ የሚዘራ ሰው ስለ ዕድል ከኔና ከናንተ ያላነሰ ያውቃል። የሚከፋው ሳታረጋግጡ እርግጠኛ መስላችሁ ስትነግሩት ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ትንሽነቱ አያታልላችሁ። እርግጠኛ አይደለንም ከምንለው ውስጥ ገሚሱ የሳይንስ ጥፋት አይደለም፤ የኛው ስንፍና ነው። እኔ በነበርኩበት ቀበሌ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ አለ። ቆርቆሮ ነው፣ ክርን የሚያህል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሄደህ የተጠራቀመውን ውኃ መለኪያው ብርጭቆ ውስጥ ትገለብጣለህ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ትጽፋለህ። ካልዘነበ ዜሮ ትጽፋለህ። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዜሮውና ባዶው ግን አንድ አይደሉም። ባዶ ማለት ማንም አልሄደም ማለት ነው። መዝገቡን ሳገላብጥ ባዶ ሳምንታት፣ ባዶ ወራት አገኘሁ። አንዱ አንባቢ ዝውውር ሄዷል፤ አንዷ ወልዳለች፤ አንዱ አበሉ ስለቀረ ትቶታል።

አሁን ሳተላይት ከላይ ደመናውን ያያል፤ የሜትሮሎጂ ባለሙያዎቻችንም የሳተላይቱን መረጃ ከጣቢያዎቹ ጋር አዋሕደው ክፍተቱን ይሞላሉ። ጎበዞች ናቸው። ግን ሳተላይቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ቆርቆሮ ነው። ኢንሹራንሱም፣ ከላይ ያልኩት መስመርም፣ የበልጉ እንቆቅልሽም በመጨረሻ እሱ ላይ ነው የሚቆመው። በተራራማ አገር አንዱ ሸንተረር እየዘነበ ማዶው ይደርቃል፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህን የሚያውቅ የለም።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ ነበር። መንገድ ላይ ስለነበር ወደ ግቢው ጎራ አልኩ። መለኪያው አሁንም ቆሟል፣ ትንሽ ዘምሟል። ውስጡ ቅጠልና የወፍ ላባ አለ። ፍየል ታስሮበታል። ዘበኛውን ማን እንደሚያነበው ጠየቅሁት። «ድሮ አንተ ነበርክ» አለኝ።

ሰው ቅጠሩለት። ፍየሏንም ሌላ ቦታ እሰሯት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ